ትንሽ ክፍል ወይስ ትልቅ ክፍል? በኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራን የምርጫ መመሪያ

ባለፈው ነሐሴ አንዲት መምህርት ጓደኛዬ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዛ ቤቴ መጣች። ሁለቱም አዲስ አበባ ያሉ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንደኛው በአንድ ክፍል 14 ተማሪ ነው ያለው። ሌላኛው 22። ደመወዙ የሃያ ሁለቱ ትንሽ ይሻላል። እሷ ግን ልቧ አሥራ አራቱ ላይ ነበር። «ሃምሳ ልጅ ሳስተምር ለኖርኩ ሰው አሥራ አራት እኮ ዕረፍት ነው» አለችኝ።

«በሳምንት ስንት ሴክሽን ነው የሚሰጡሽ?» አልኳት። አልጠየቀችም ነበር። በማግስቱ ደወለችላቸው። 14 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል 6 ሴክሽን፣ ማለትም ስድስት የተለያየ ክፍል ልጆች፣ ሊሰጣት ነው። 22 ያለው ደግሞ 4 ሴክሽን፣ 7ኛና 8ኛ ብቻ። ቁጭ ብለን አባዛን። ስድስት ጊዜ አሥራ አራት 84 ነው። አራት ጊዜ ሃያ ሁለት 88። በእጇ የሚያልፈው ልጅ ልዩነት አራት ብቻ! የምታዘጋጀው ትምህርት ግን በአንደኛው አራት ዓይነት፣ በሌላኛው ሁለት ዓይነት ነው።

እኔ 52 ልጅ ያለበት ክፍል አስተምሬአለሁ። 24ም፣ 15ም አስተምሬአለሁ። ትንሽ ክፍል ለመምህሩ ትልቅ ጸጋ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ግን ጸጋው የሚገኘው የተረፈውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ በሌላ በኩል ካልወሰደው ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

በምን እንመዝን?

የክፍል መጠን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ተማሪው ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን መምህሩም ቀኑን ሙሉ የሚውለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የእሱን ኑሮ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

*ጠቅላላ ሎድ።* ከሁሉም በፊት ይህን እዩ። ሎድ፣ ማለትም የሥራ ጫና፣ ሲባል ብዙዎቻችን የክፍለ ጊዜ ብዛት ብቻ እንቆጥራለን። ሦስት ነገር ነው መቆጠር ያለበት። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ? በጠቅላላው ስንት ተማሪ? ስንት ዓይነት ዝግጅት? አንድ ትምህርት አዘጋጅቶ ለሦስት ሴክሽን መስጠትና ሦስት የተለያየ ትምህርት ለሦስት ሴክሽን መስጠት በጭራሽ አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ የሆም ሩም መምህርና የትምህርት ዓይነት መምህር ይለያያሉ። የታችኛው ክፍል የሆም ሩም መምህር ከሆናችሁ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ክፍል ልጆች ጋር ናችሁ። ስለዚህ የክፍሉ መጠን ማለት ሎዳችሁ ማለት ነው። ከ24 ወደ 15 ሲወርድ ሥራችሁ በእርግጥ ይቀንሳል። ሒሳብ ወይም ሳይንስ ለብዙ ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ ግን ክፍሉ አንሶ ሴክሽኑ ሊበዛ ይችላል። ጓደኛዬ ላይ ሊደርስ የነበረው ይኸው ነው።

*እርማት።* አንድ ድርሰት በወጉ ለማረም 8 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ለ15 ልጅ 2 ሰዓት ነው። ለ22 ልጅ ወደ 3 ሰዓት። ለ50 ልጅ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ይህ የአንድ ክፍል የአንድ ጊዜ ሥራ ነው። አምስት እንዲህ ዓይነት ክፍል ያለው መምህር ድርሰት ባያጽፍ አይፈረድበትም። «እውነት ወይም ሐሰት በሉ» እና ምርጫ ይሰጣል። ልጆቹ ሐሳባቸውን መጻፍ ሳይለማመዱ ያድጋሉ።

*ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ጊዜ።* ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። ግማሹን እናንተ ተናገሩ። የቀረው 20 ደቂቃ ለልጆቹ ቢካፈል፣ 15 ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 80 ሰከንድ ይደርሳል። 22 ቢሆኑ 55 ሰከንድ። 50 ቢሆኑ 24 ሰከንድ። በ24 ሰከንድ ውስጥ ስም ጠርቶ መልስ መስማት ይቻላል። ልጁ ለምን እንደተሳሳተ መረዳት ግን አይቻልም።

*የወረቀት ሥራና ወላጅ።* ክፍል ሲያንስ ከመምህሩ የሚጠበቀው ወረቀት ይጨምራል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንቀጽ አስተያየት፣ ለሚቸገሩት የተለየ እቅድ፣ ለወላጅ ኢሜይልና መልእክት። ከፍተኛ ክፍያ የሚከፍል ወላጅ መልስ ይፈልጋል። መብቱም ነው።

*ደመወዝና የሥራ ዋስትና።* ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

*ለሙያው የሚሰጠው ዕድገት።* በሁለት ዓመት ውስጥ የተሻለ መምህር ያደርገኛል ወይ? ብዙዎች ይህን ሳይጠይቁ ነው የሚፈርሙት።

ድምፅና ድካም አሉ ደግሞ። ጉሮሮው ያልተሠቃየ የሃምሳ ልጅ መምህር አላውቅም። ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ከ8 በታች ተማሪ ያለበት ክፍል

ሲሰሙት ያጓጓል። አዲስ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች የላይኛው ክፍል ላይ እንዲህ ይሆናሉ። በሌሎችም ቢሆን ጥቂት ልጆች ብቻ የሚመርጡት ትምህርት እንዲህ ነው።

ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር በደንብ ትተዋወቃላችሁ። እርማቱ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ግን ክርክር አይደምቅም። የቡድን ሥራ ስትሰጡ ቡድኑ ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ልጅ ተጣልተው ከመጡ የቀኑ ትምህርት ሁሉ ይበላሻል። ሦስት ልጅ ካመማቸው ደግሞ ወደ አዲስ ምዕራፍ መግባት አትችሉም።

ዋናው ሥጋት ግን ዋስትናው ነው። የአዲስ አበባ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ብዙ ልጆች የሚያገኙት ከአፍሪካ ኅብረት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ከኤምባሲዎችና ከእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች ነው። እነዚህ ቤተሰቦች ይዘዋወራሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ሲመክሩ ያየነውን አንረሳም። ከ22 ልጅ ሦስት ቤተሰብ ቢሄድ 19 ይቀራል፤ ክፍሉ ይቀጥላል። ከ7 ልጅ ሦስቱ ቢሄዱ ክፍሉ ይታጠፋል። መምህሩም አብሮ።

ከ12 እስከ 16፦ ትንሹ ክፍል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

52 ልጅ ሳስተምር ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ደብተሩ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። ከሰሌዳ አይገለብጥም። ዓመቱን ሙሉ «ሰነፍ» ብዬ ነበር የማስበው። ሪፖርት ካርዱም ላይ «ትጋት ይጎድለዋል» ብዬ ጽፌአለሁ። በዓመቱ መጨረሻ እናቱ መጥታ ነው ዓይኑ ከሩቅ እንደማያይ የተረዳሁት። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዓመታት በኋላ 15 ልጅ ይዤ ሳለ አንዲት ልጅ ወደ ሰሌዳው ስታይ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። በሁለተኛው ሳምንት አየሁት። ወላጆቿን አነጋገርኩ፤ መነጽር አደረገች። እኔ በመሐል የተለየ ሰው ሆኜ አይደለም። የማያቸው ልጆች 15 ስለነበሩ ነው።

ትንሽ ክፍል ለመምህሩ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ዕረፍት አይደለም፤ ማየት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ማን እንዴት እንደሚያነብ፣ ማን ክፍልፋይ ሲመጣ እንደሚፈራ፣ ማን ገብቶት ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ። ሥራው ትርጉም ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሜሪ ሊ ስሚዝና ጂን ግላስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ፣ ክፍል ማነሱ የመምህሩን ስሜትና ለሥራው ያለውን አመለካከት እንደሚያሻሽል አግኝተዋል። ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ አልገረመኝም።

ለልጆቹስ? በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1989 የተካሄደው ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠቀስ ነው። ከኬጂ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆችና መምህራን በዕጣ ለሦስት ዓይነት ክፍል ተደለደሉ። ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለበት፣ ከ22 እስከ 25 ልጅ ያለበት፣ እና ከ22 እስከ 25 ሆኖ ሙሉ ጊዜ ረዳት ያለበት። በንባብም በሒሳብም ትንሹ ክፍል የተሻለ ውጤት አመጣ። የበለጠ የተጠቀሙት ደግሞ ከደሃና ከተገፉ ቤተሰቦች የመጡት ልጆች ነበሩ። ጥናቱ የትንንሽ ልጆች ነው፤ ለ11ኛ ክፍል ፊዚክስ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ለታችኛው ክፍል መምህር ግን ጠንካራ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ከትልቅ ክፍል ወደ ትንሽ የሚመጣ መምህር የድሮ ልማዱን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት 15 ልጆች ፊት ቆሜ ኖት አስገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ክፍሌን ሊያዩ የመጡ የመምህራን አስተባባሪ (ዩኒት ሊደር) ከክፍል ስወጣ «ለምንድን ነው የሚጮኹት?» አሉኝ። እየጮኽኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር። ጉሮሮዬ ከሃምሳ ልጅ ጋር ነበር ገና። ልጆቹን ክብ አስቀምጬ፣ እኔም ወንበር ስቤ ቁጭ ማለት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለሃምሳ ልጅ በሚያስተምሩበት መንገድ ለአሥራ አምስት ካስተማሩ ክፍሉ ማነሱ ምንም አይጠቅምም።

ሌላው፣ መደበቂያ የለም። በትልቅ ክፍል ያልተዘጋጁበትን ቀን በጥያቄና መልስ ማለፍ ይቻላል። 14 ልጅ ፊት አይቻልም። በተለይ እንደ አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ያለ፣ ልጁ ራሱ እየጠየቀ እንዲማር የሚፈልግ ሥርዓተ ትምህርት ከሆነ ዝግጅቱ ከባድ ነው። ለሪፖርት ካርድ ሁለት ሦስት ምሽት ይሄዳል። ወላጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይጽፋል።

ከ18 እስከ 24፦ መካከለኛው ክፍል

ብዙ ሰው ይንቀዋል። የትምህርት ዓይነት መምህር ከሆናችሁ ግን ከሁሉም የሚስማማችሁ ይኸኛው ሊሆን ይችላል። ከ5ኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጆች ሲከራከሩ ብዙ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። ሃያ ልጅ አምስት ቡድን ይሆናል። አንዱ ቡድን ሲወድቅ ሌላው ያነሳዋል። የአቋም ልዩነት ይኖራል። ክፍሉ ሕይወት አለው።

ትምህርት ቤቱ ባለ 22 ልጅ ክፍል በመያዙ የሚያተርፈውን ገንዘብ ሴክሽን ለመቀነስና ደመወዝ ለመጨመር ካዋለው፣ መምህሩ ከትንሹ ክፍል የተሻለ ሳምንት ሊኖረው ይችላል። ካላዋለው ደግሞ የሁለቱንም ጣጣ ትሸከማላችሁ። የኢንተርናሽናል ወረቀትና የብዙ ልጅ እርማት።

የክፍል መጠን ብቻውን ተአምር እንደማይሠራ ከእስራኤል የምንማረው አለ። የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዘመን አንድ ሕግ ጽፎ ነበር። እስከ 25 ልጅ ድረስ አንድ መምህር፤ ከ25 አልፎ እስከ 40 ከሆነ ረዳት ይጨመር፤ ከ40 ካለፈ ሁለት መምህር ይሁን የሚል። የእስራኤል ትምህርት ቤቶችም ለብዙ ዓመታት 40ን ጣሪያ አድርገው ኖረዋል። ጆሹዋ አንግሪስትና ቪክቶር ላቪ በዚህ ሕግ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ክፍል ሲያንስ የተማሪ ውጤት እንደሚጨምር አሳዩ። ሃያ ዓመት ቆይተው፣ ከሌሎች ጋር ሆነው በአዲስ መረጃ ሲደግሙት ግን ያንን ለውጥ አላገኙትም። ቁጥሩ በር ይከፍታል፤ ገብቶ የሚሠራው መምህሩ ነው።

ከ25 እስከ 28፣ ከረዳት መምህር ጋር

ማስታወቂያው ላይ «ሁለት መምህር በአንድ ክፍል» ይላል። ከላይ ያነሳሁት የቴኔሲ ጥናት ሦስተኛ ዓይነት ክፍል ነበረው፤ ረዳት ያለበት። ውጤቱ ረዳት ከሌለበት እኩያው ክፍል ብዙም አልተለየም። ይህ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ነው።

ምክንያቱ ረዳቶቹ አይረቡም ማለት አይደለም። አብረውኝ ከሠሩት ረዳት መምህራን ብዙዎቹ ዲግሪ ያላቸው፣ ልጆች የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። ግን ሥራቸው ምሳ ዕቃ መክፈት፣ ልጅ መጸዳጃ ቤት መውሰድ፣ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ይሆናል። የቀረ መምህር ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ሁለት መምህር ያለው ክፍል በሥራ ላይ አንድ መምህርና 27 ልጅ ሆኖ ይውላል።

ኬጂ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የአራት ዓመት ልጆች ያለ ረዳት አይሞከሩም። ከ1ኛ ክፍል በላይ ግን ጠይቁ። ረዳቷ ለእኔ ክፍል ብቻ ናት ወይስ ለሁለት ክፍል? አብረን የምናቅድበት ክፍለ ጊዜ አለ? የተቸገሩ ልጆችን ነጥላ ማስነበብ ትችላለች? መልሱ «አዎ» ከሆነ 27 ልጅ ወደ ሁለት ትንንሽ ቡድን ይቀየራል። ይህንን ያየሁት አንድ ዓመት ነው፤ በጣም ጥሩ ዓመት ነበር።

ለእናንተ የቀረበላችሁ የረዳትነቱ ቦታ ከሆነም አትናቁት። አዲስ ተመራቂ ሆኖ ጥሩ መምህር አጠገብ አንድ ዓመት መቆም ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጣል። ግን በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ለዋና መምህርነት መወዳደር እንደምትችሉ።

ከ40 በላይ

የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ብዙዎቻችን የተማርነውም ያስተማርነውም በዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ልጅ የሚያስተምር መምህርን ዝቅ አድርጎ ማየት ነውር ነው። ትልቁ የመምህርነት ጥበብ ያለው እዚያ ነው።

በረንዳው ላይ «ኢንተርናሽናል» ተጽፎ ውስጡ 45 ልጅ ያለበት ትምህርት ቤትም አለ። ሊሴ ገብረ ማርያም የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል፤ የጀርመን ኤምባሲ ትምህርት ቤት የጀርመንን። እነዚህን ኢንተርናሽናል የሚያደርጋቸው የሚሰጡት ትምህርት ነው። በሌላ ቦታ ቃሉ የታፔላ ጌጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ አንድ ክፍል አሳዩኝ በሉ። ወንበር ቁጠሩ።

ትልቅ ክፍል የሚመረጥበት ጊዜም አለ። በፈረቃ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ይለቅቃችኋል። ማስተርስ የሚማር ወይም ትንሽ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ጊዜ በገንዘብ አይለውጠውም።

ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ

እርማቱ በአንድ ድርሰት 8 ደቂቃ፣ የልጅ ጊዜው ከ40 ደቂቃ ግማሹ ለልጆች ቢካፈል ተብሎ የተሰላ ነው።

| የክፍል መጠን | የአንድ ክፍል እርማት | ለአንድ ልጅ | ወረቀትና ወላጅ | የሥራ ዋስትና | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| 7 | 56 ደቂቃ | ወደ 3 ደቂቃ | ከባድ | ደካማ | ልምድ ላለው፣ ሌላ ገቢ ላለው |
| 15 | 2 ሰዓት | 80 ሰከንድ | ከባድ | መካከለኛ | ለሆም ሩም መምህር |
| 22 | ወደ 3 ሰዓት | 55 ሰከንድ | መካከለኛ | ጥሩ | ለትምህርት ዓይነት መምህር |
| 27 ከረዳት ጋር | ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ፤ ረዳቷ ካረመች ግማሹ | 44 ሰከንድ፤ ረዳቷ ካስተማረች እጥፉ | መካከለኛ | ጥሩ | ለኬጂ፣ ለጀማሪ |
| 50 | 6 ሰዓት ከ40 | 24 ሰከንድ | ቀላል | ጠንካራ | ግማሽ ቀን ለሚፈልግ |

ደመወዙን በሰዓት አስሉት

ወርኃዊውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ትምህርት ቤት 30,000 ብር ይከፍላል እንበል። እዚያ በሳምንት 45 ሰዓት ትውላላችሁ፤ ቤት ወስዳችሁ 12 ሰዓት ትሠራላችሁ። በሳምንት 57 ሰዓት ነው። በወር ወደ 245 ሰዓት። ለአንድ ሰዓት 122 ብር ገደማ ይመጣል። ሌላው 25,000 ይከፍላል፤ 40 ሰዓት ውሎ፣ 5 ሰዓት ቤት። በወር ወደ 194 ሰዓት። ለአንድ ሰዓት 129 ብር። አምስት ሺህ ብር «የሚያንሰው» ትምህርት ቤት በሰዓት ይበልጣል። የተረፋችሁ 50 ሰዓት ደግሞ የቤተሰባችሁ ነው።

ይህ ስሌት ለሁሉም አይሠራም። የቤት ኪራይ ለመክፈል ያ አምስት ሺህ ብር የግድ የሚያስፈልገው ሰው አለ። እሱ ትልቁን ደመወዝ ይያዝ፤ ምንም ስህተት የለውም። ግን እያወቀ ይያዘው።

ከደመወዝ ውጭ ያለውንም ጠይቁ። ልጅ ያላችሁ ከሆነ የልጃችሁ የትምህርት ክፍያ ቅናሽ ከደመወዝ ጭማሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ስትሉ ትንሽ ክፍል ብትመርጡ ልጃችሁም ትንሽ ክፍል ውስጥ ይማራል። ጡረታም አለ፤ በሕጉ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ቀጣሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። ቀጣሪው ድርሻውን ገቢ እያደረገ መሆኑን አረጋግጡ።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄዱ፣ ክፍያው ዝቅ ያለ የግል ትምህርት ቤት በክፍል ብዙ ልጅ ሊይዝ እንደሚችል አስቡ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው አበል ሳይጨመር በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ መሠረታዊ ደመወዙ አንሶ አበሉ ከበዛ ዛሬ ባይታወቃችሁም ስትወጡ ይጎዳችኋል።

ለማን የቱ?

አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ፣ ወደ ባዶ ትንሽ ክፍል ብቻችሁን አትግቡ። የሚያሳያችሁ ሰው ያለበት ቦታ ይሻላል፤ ረዳትነትም ቢሆን፣ ባለ 20 ልጅ ክፍልም ቢሆን።

ከሃምሳ ልጅ ክፍል የምትመጡ፣ ጉሮሯችሁ የደከመ፣ ሙያውን ልትተዉት የቀረባችሁ ካላችሁ ከ12 እስከ 16 ያለውን ክፍል ሞክሩ። ሙያውን እንደ አዲስ እንድትወዱት ሊያደርግ ይችላል። የታችኛው ክፍል የሆም ሩም ከሆነ በተለይ አታመንቱ።

የላይኛው ክፍል ፊዚክስ፣ ሒሳብ ወይም ታሪክ የምታስተምሩ፣ ሴክሽኑ ካነሰ 22ቱን ምረጡ።

ቤተሰብ በእናንተ ደመወዝ ብቻ የሚተዳደር ከሆነ ከ10 በታች ልጅ ያለበትን ክፍል ዝለሉት።

ከመፈረማችሁ በፊት

እነዚህን ጠይቁ። በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ።

- ሴክሽን ስንት ነው? የክፍል ደረጃውስ? ክፍለ ጊዜው በሳምንት ስንት ነው?
- የክፍሉ ጣሪያ ስንት ነው? ዓመቱ መሀል ላይ አዲስ ልጅ ሲመጣ ጣሪያው ይከበራል?
- ክፍሉ ቢታጠፍ እኔ ምን እሆናለሁ?
- የቀረ መምህርን ክፍል ስንሸፍን ይከፈለናል?
- ሪፖርት ካርድ በዓመት ስንት ጊዜ ነው? አስተያየቱ በምን ያህል ርዝመት?
- ለወላጅ መልእክት እስከ ስንት ሰዓት መልስ ይጠበቃል?

ጣሪያው ውሉ ላይ ይጻፍ። በአፍ «15 ነው» ተብሎ መስከረም 20 ሲሆን 21 ልጅ ይዞ የተገኘ መምህር አውቃለሁ። ደመወዙ አልተለወጠም። ስለ ውል ካነሳን፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። «አንድ ዓመት ሙሉ በሙከራ» የሚል ውል ካያችሁ አስተካክሉልኝ በሉ።

ሌላ አንድ ነገር። የሚቻል ከሆነ እዚያ የሚያስተምር ሰው ፈልጉና ሻይ ጋብዙት። ዳይሬክተሩ የማይነግራችሁን እሱ ይነግራችኋል። ዓርብ ከሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ቤት እንደሚገባ ጠይቁት።

ጓደኛዬ ያን ሳምንት ወደ አሥራ አራቱ ትምህርት ቤት ተመልሳ ሄደች። ስሌታችንን በአንድ ወረቀት ላይ አሳየቻቸው። ሁሉንም አልተቀበሉም። ግን ስድስቱን ሴክሽን ወደ አምስት፣ አራቱን የክፍል ደረጃ ወደ ሁለት አወረዱላት። 70 ልጅ ሆነ፤ ሁለት ዓይነት ዝግጅት። ፈረመች። ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ካርድ ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የሰባውንም ልጅ አስተያየት የውጤት መዝገቡን ሳትከፍት ጻፈችው።